ፖስተሩ በር ይጠብቅላችሁ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ኤልዳና፣ ሲያትል አጠገብ ማውንትሌክ ቴራስ ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ ድንገት ተነሣችና ስክሪኑን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

"አባባ፣ ሉክ፣ እየው! የሴቶች ላክሮስ ፕሮፌሽናል ሊግ ሊጀመር ነው። ላክሮስ ታውቃለህ?"

አንቱ ማለት እስካሁን አልሆነላትም፤ እኔም ትቼዋለሁ። ላክሮስ ማለት በዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ መረብ ኳስ እየቀለቡ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። "ማወቅ ብቻ? እኔ እኮ አንድ ሊግ ሳይጀመር ላፈርሰው ምንም አልቀረኝም ነበር" አልኳት።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሲያትል ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም፤ እንግሊዝኛዬ እንደ አገሩ ፀሐይ አልፎ አልፎ ብልጭ የሚል ነበር። ሦስት ቡድኖች ያሉት ትንሽ የሴቶች ሊግ ሊጀመር ሽር ጉድ ሲባል፣ ለአንደኛው ቡድን ሹፌር ሆኜ ተቀጠርኩ። ሹፌር ይበሉኝ እንጂ የሜዳ መስመር አስማሪም፣ ጓንት አድራቂም፣ ፖስተር ለጣፊም እኔው ነበርኩ። የምነዳት ቫን የእርጥብ ካልሲና የታጨደ ሣር ሽታ ስላላት፣ ቤቴ ስገባ አከራዬ መስኮት ይከፍታል።

በረኛዋ ዶና ትባላለች። ኦበርን ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስታነሣ የምትውል፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከቫኗ ጥሩምባ የሚበልጥ ሴት ናት። ያንን ድንጋይ የመሰለ ኳስ በጉልበቷም በደረቷም ትመልሰዋለች። ቡድኑ ሌላ በረኛ አልነበረውም።

መክፈቻው ሲቃረብ ፖስተሩ ታትሞ መጣ። የብረት ፍርግርግ ያለው ቆብ ያጠለቀች በረኛ ዘንጓን ይዛ ቆማለች። ከተማውን ዞሬ ለጠፍኩና አንዱን ጠቅልዬ እየሮጥኩ ለዶና ወሰድኩላት።

"ኮንግራጁሌሽን! ፎቶሽ ወጣ!"

ዶና ፖስተሩን ዘርግታ ብዙ አየችው። "ቆቡ የእኔ ነው፤ ዘንጉም የእኔ ነው" አለች። "ይሄ ቀይ ጥፍር ግን የማን ነው?"

ለካ አሠልጣኙ ለፎቶ ታምራለች ያላትን አጥቂ የዶናን ቆብ አልብሶ አስነሥቷት ኖሯል። እኔ ጥፍሩ ቀርቶ፣ ከቆቡ ሥር የተንዠረገገውን ቢጫ ጸጉር እንኳ አላየሁም። የዶና ጸጉር አጭርና ጥቁር ነው! በዚያ ዘመን ፈረንጅ ሁሉ አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር። እነሱም እኔን ከሌላው ሐበሻ ስለማይለዩኝ ተቻችለን እንኖር ነበር።

"እንግዲያው ፖስተሩ በር ይጠብቅላችሁ!" ብላ ቤቷ ገባች፤ ወደ ልምምድም አልተመለሰች። አሠልጣኙ ደግሞ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልታየውም። በረኛ ከሌለ መክፈቻ የለም። ተከፍሏት የምትጫወትበትን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ሴት ደግሞ በእኔ የምሥራች ምክንያት ቤቷ ልትቀር ነው።

ሌክ ሲቲ ሰፈር ክፍል ያከራየኝ ጋሽ ተካ ዶና መቅረቷን ሲሰማ ሹራቡን መፈለግ ጀመረ።

"ሽማግሌ ሳይላክባት ነው እንዴ የምትመጣው?"

"ጋሽ ተካ፣ ፈረንጅ እኮ ናት።"

"ፈረንጅ አይከፋትም?"

ጎረቤታችንን ጋሽ ሀብቶምን ጠራው። አስመራ ተወልዶ መርካቶ ያደገ፣ በሁለት ቋንቋ የሚቆጣ ሰው ነው። ሦስተኛ ሽማግሌ ጎደለን።

"አንተው ትሞላለህ" አለኝ ጋሽ ተካ።

"ጢም እንኳ የለኝም!"

"ባርኔጣ አድርግ።"

ባርኔጣው ጆሮዬ ላይ አረፈ። እሑድ ረፋዱ ላይ በካፊያ ወደ ኦበርን ወረድን። የቼሪ አበባ እየረገፈ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ጋሽ ሀብቶም ከጎኔ ሆኖ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

ዶና በሩን ከፍታ ኮት የለበሱ ሦስት ሰዎች ስታይ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰባኪዎች መስለናት "አመሰግናለሁ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን አለኝ" ብላ ልትዘጋው ስትል፣ ከባርኔጣው ሥር ለየችኝ።

ቤቱ በቀረፋ ሽታ ታውዷል። የፖም ፓይ የሚሉት ኬክ ከምድጃ ገና መውጣቱ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁርስ አልበላሁም። ተቀመጡ አለችን።

"እሺ ሳትይን አንቀመጥም፤ እህል ውሃም አንቀምስም በላት" አለ ጋሽ ተካ።

ፓይዋን እያየሁ ተረጎምኩ።

"ማነው የላካችሁ? አሠልጣኙ?" አለች።

ጋሽ ተካ ወደ እኔ ዞረ። "እውነትም፣ ማነው የላከን?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ ደግሞ ምን በድለሃት?"

ይህን አልነገርኳቸውም ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ አንዱን በእንግሊዝኛ እያልኩ ተናዘዝኩ። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ አመላልሻት፣ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን በደንብ አላየሁትም።

ዶና "አንተን ይቅር ብያለሁ። እሱ ግን ራሱ ይምጣ" አለች።

"እውነቷን ነው፤ ደውልለት" አለ ጋሽ ተካ።

ደወልኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ዶና ሳሎን ውስጥ ቆመዋል፣ ካልመጣህ አይቀመጡም አልኩት። ምን እንደገባው እንጃ፣ እየበረረ መጣ። ወንበር ሲስብ ጋሽ ተካ ክንዱን ይዞ እሱንም አቆመው። አራት ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተገትረናል፣ ፓይዋ ትቀዘቅዛለች።

አሠልጣኙ ጫማውን አየ፣ እኛን አየ፣ በመጨረሻ ዶናን አየ። "ቆቡ ያንቺ ነው። ፎቶውም ያንቺ መሆን ነበረበት። ይቅርታ።"

"ፖስተሩ ይነሣ።"

"እሺ።"

"እንግዲያው እኔም እሺ።"

እኩል ዘጭ ብለን ተቀመጥን፤ የጋሽ ሀብቶም ጉልበት ሲንቋቋ ዶና ቤቱን በሳቅ ሞላችው። እንደዚያ የቀዘቀዘና እንደዚያ የጣፈጠ ፓይ በልቼ አላውቅም።

አዲስ ለማሳተም ጊዜ አልነበረም። በገዛ እጄ የለጠፍኩትን በገዛ እጄ፣ በዝናብ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ስልጥ ሰነበትኩ። ስለዚህ መክፈቻው እንዳለ የሰማ ሰው ጥቂት ነበር። የተጫዋቾቹ እናቶች፣ አንድ ውሻ፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር የተጠጉ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ዶና የመጀመሪያዋን ኳስ በደረቷ ስትመልስ ጋሽ ተካ "አበጀሽ ልጄ!" ብሎ ጃንጥላውን ከጋሽ ሀብቶም ራስ ላይ ይዞት ተነሣ። በአንድ ጎል ተሸነፍን። ሊጉም ከበጋው አላለፈም፤ ይህን እንኳ በእኔ አታሳብቡ።

"ሶ፣ ሎስ አደረጋችሁ?" አለች ኤልዳና ቅር ብሏት።

"ተሸነፍን። ግን ተጫወትን።"

ስልኩን መልሼ ተቀበልኳት። ዘንግ የያዙ ብዙ ቆንጆዎች አሉ። "በረኛዋ የታለች?" አልኩ። ኤልዳና በጣቷ ወደ ታች ሄደች፣ ሄደች፣ አገኘቻት። ቆብ አጥልቃለች፤ ፊቷ አይታይም። ስሟን አስነበብኳት፤ ድጋሚም አስነበብኳት፤ እስክይዘው ድረስ።

ዛሬ እርቅ ሲኖር እኔንም ይጠሩኛል፤ ባርኔጣም አያስፈልገኝም፣ ጢሙም ሽበቱም ሞልቷል። ሳልቀመጥ መጠበቁን ግን ጉልበቴ እንቢ ብሏል። ስለዚህ ገና ከበር "የበደለው ማነው? እኔ ብሆንስ?" ብሎ እያንዳንዱ ራሱን እንዲጠይቅ አደርጋለሁ። ግማሹን መንገድ ያሳጥራል።