በክረምት የተቆረጠ ቀርከሃ

በክረምት የተቆረጠ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ የጥሬ ዱባ ሽታ አለው። ትናንት ለዶሮ ቤት ብለሽ ደጅ ላይ ስትሰነጥቂ ሽታው ቤት ድረስ ገባና ወጥቼ ጮህሁብሽ። ያለ ምክንያት የተቆጣሁሽ መስሎሽ ይሆናል። ቁጣው ለአንች አልነበረም ልጄ፤ ልንገርሽ።

የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ ቆሰበር ከተማ ላይ የቀርከሃ ወንበር እሠራ ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ እያየሁ ነው የለመድሁት። ታላቅ ወንድሜ አሮጌ ሚኒባስ ነበረው። እናታችን ደረቷን ስለሚያማት በተዘጋና ዝቅ ባለ ቦታ ትታፈናለች። በዚያ ዓመት ፍልሰታን ከጥሊሊ ወዲያ ካለ ጠበል ልትጾም ተሳለች። የጠበልተኛው ጎጆ ጭስና እርጥበት ስለሆነ ወንድሜ መኪናው ውስጥ ትደር አለ። ወንበሮቹን አውጥተን አልጋ ብናስገባ ግን ጣሪያው ራሷን ሊነካ ደረሰ።

አንድ ጊዜ ዘንገና ሐይቅ ዳር የፈረንጆች መኪና አይቼ ነበር፤ ጣሪያው እንደ ሣጥን ክዳን ተነሥቶ ዙሪያው ሸራ ነው። እኔ እሠራዋለሁ አልሁ። ደብተር ላይ ነደፍሁት። ጣሪያውን በብረት መጋዝ ሦስት ቀን ቆረጥነው፤ ከፊት በማጠፊያ ያዝነው፤ ሸራውን ዳንግላ ያለ ልብስ ሰፊ ሰፋልን። ያን ከባድ ክዳን ከኋላ ደግፈው የሚያቆሙት ሁለት የቀርከሃ ምሰሶዎች ነበሩ።

ቀርከሃውን የሸጡልኝ ሽማግሌ፣ እርጥብ ነውና እስከ ጥቅምት ይድረቅ አሉኝ።

"ፍልሰታ እስከ ጥቅምት ይጠብቃል እንዴ አባባ?" ብዬ ሳቅሁ።

"ቀርከሃውስ አንተን ይጠብቅሃል?" አሉና ሄዱ።

በመሄጃቸው ዋዜማ ብሎኑን ሳጠብቅ አንደኛው ምሰሶ ጠቅ አለ። ስንጥቁ ከክር አይወፍርም። ወንድሜ ውጭ ቆሞ ጎረቤቱን፣ ኑ የመሐንዲሳችንን ሥራ እዩ ይላል። መናገር ነበረብኝ። ከጎማ ላስቲክ ቆርጬ ስንጥቁን ጠቀለልሁና አረንጓዴ ቀለም ቀባሁበት።

ከሄዱ በኋላ ዝናቡ አላባራም። የቤታችንን ቆርቆሮ በመታ ቁጥር ያ ክዳን እናቴ ላይ ሲወርድ ይታየኛል። የወንድሜን ስልክ ብሞክር ኔትወርክ የለም። ደግሜ እሞክራለሁ፤ የለም። የያዝሁትን ወንበር ሦስቴ አፍርሼ ሦስቴ ሠራሁት። ሰው ሲሳሳት እንቅልፍ አያጣም፤ የሚያጣው ሲደብቅ ነው። ይህን ለአንችም ስመክርሽ ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት እስከ ጥሊሊ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃውን በእግሬ ሄድሁ። ወንድሜ ቅዳሴ ላይ ነበር። መኪናው ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ክዳኑ ተነሥቷል። እናቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች። ላስቲኩ ተበጥሷል፤ ምሰሶው በመቀነቷ ተጠፍሯል፤ እጇ ከላዩ ላይ ነው።

"መጣህ?" አለችኝ።

"መቼ አየሽው እማ?"

"የመጀመሪያ ቀን። ቀለሙ ግን አምሯል።"

ለምን ለወንድሜ እንዳልነገረችው ጠየቅኋት።

"ብነግረው ከእንግዲህ እጅህ የነካውን ሁሉ ይጠራጠራል። ሲመጣ በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ። ራስህ ትመጣለህ ብዬ ጠበቅሁህ።"

ከቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ደረቅ የጽድ እንጨት ለምኜ ምሰሶውን ቀየርሁት። መቀነቷን ስሰጣት ትራሷን ደገፍ አለች፤ ታጥቃ ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

ወንድሜ ጠበል ቀድቶ ሲመለስ ተኝታ አገኛትና ገረመው። እሱ ከወንዶቹ ጋር ጎጆ ነበር የሚያድረው።

"ሳይነጋ ስመጣ ሁልጊዜ ቁጭ ብላ ነው የማገኛት" አለኝ በሹክሹክታ። "ለጸሎት የተነሣች ይመስለኝ ነበር።"

እጇ ለምን ምሰሶው ላይ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ምሰሶ ልቀይር መምጣቴን ነገርሁት፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገርሁት እሷን ከቀበርናት በኋላ ነው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሱ ወደ ወንዶቹ ጎጆ ተመለሰ። እኔ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጥሁ። ዝናቡ ሸራውን ይመታል፤ እሷ በረጅሙ ትተነፍሳለች። አዲሱ ምሰሶ ሁለት ሰው ቢንጠለጠልበት አይነቃነቅም። ቢሆንም እስክትነቃ ድረስ ይዤው ቆየሁ።