ውሃ የተከለከለው ቦሎቄ

ይህ የሆነው አምና፣ እዚህ ሐዋሳ ታቦር አካባቢ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ለሙከራ ገብቼ ሳስተምር ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ባጃጅ ውስጥ እንኳ ብሆን ብቻዬን እስቃለሁ።

የሳይንስ አስተማሪዋ በድንገት ለቅቃ ነበር። ዳይሬክተሯ አስጠሩኝና፣ «ግጥም ትጽፋለህ አሉ። ሳይንስስ ትሞክራለህ?» አሉኝ። ሥራ ፈትቼ ስለከረምኩ ሰርከስ አስተምር ቢሉኝም እሺ ባልኩ ነበር። ስምምነታችን አጭር ነው፤ ልጆቹ በእጃቸው የሠሩትን አንድ ሙከራ በወላጆች ቀን አሳያለሁ። ከተሳካ እቀጠራለሁ፤ ካልተሳካ ወደ ቤቴ።

ቀላሉን መረጥኩ። ሁለት ኩባያ፣ በሁለቱም ውስጥ ጥጥ፣ ጥጡ ላይ ቦሎቄ። አንዱን ልጆቹ በየተራ ያጠጡታል፤ ሌላው ጠብታ ውሃ አያገኝም። ያለ ውሃ ምንም እንደማይበቅል በዓይናቸው ያያሉ።

«ቲቸር፣ ይሄኛው ምን አጥፍቶ ነው?» አለችኝ ኤፍራታ የምትባል ትንሽ ልጅ።

«ምንም አላጠፋም። ለማወዳደር ነው።»

«ታዲያ ለምን ተቀጣ?»

በማግስቱ ደረቁ ኩባያ ላይ የሚያለቅስ ፊት ተስሎበት አገኘሁ። ልጆቹ ከበውት፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩለታል፤ ቤታቸው ሰው ሲታመም እንደሚደረገው ማለት ነው። ጸሎት ሙከራ አያበላሽም ብዬ ተውኳቸው።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ደረቁ ቦሎቄ በቀለ። ውሃ የሚጠጣው ደግሞ፣ ሁሉም ያለ ልክ እያፈሰሰበት፣ በስብሶ ይሸት ጀመር። እንዳልቀያይራቸው የሚያለቅሰው ፊት አለ። እንደገና እንዳልጀምር ጊዜ የለም።

ዳይሬክተሯ ፕሮግራሙን በጸሎት ከፈቱ። እኔም ተነስቼ የበሰበሰውን አሳየሁ። «ይሄ ውሃ የጠጣው ነው።» ቀጥዬ ቅጠል ያወጣውን አነሳሁ። «ይሄ ደግሞ ያልጠጣው።»

አንዲት እናት ስለ ጸሎቱ ከልጇ ሰምታ ኖሮ፣ «ጌታ ይመስገን» ብላ ስልኳን አወጣችና ቦሎቄውን ፎቶ ታነሳው ጀመር። ከኋላ የተቀመጡ አንድ እህል ነጋዴ፣ «ልጄ፣ ዘሩን ከየት ነው የገዛኸው?» አሉኝ። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ፣ «ዘሩ አይደለም፣ ጥጡ ነው» አላቸው። ተከራከሩ።

ዳይሬክተሯ ጠጋ ብለው፣ «ይሄ ነው ሙከራው?» አሉኝ።

ተአምር ነው ብል ሥራው የእኔ ነበር፤ ምስክሯ ፎቶ እያነሳች ነው። ልጆቹ ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «ውሃ ካላገኘ ሊበቅል አይችልም» አልኩ። «ይሄኛው እንዴት እንደበቀለ አላውቅም።»

ይሄኔ ኤፍራታ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ነኝ ያጠጣሁት። በኮዳዬ ክዳን። ትንሽ ብቻ።»

«እኔም» አለ ከጎኗ ያለው ልጅ፣ ገርሞት እያያት።

«እኔም ቲቸር።»

«እኔም።»

ወደ ሰሌዳው በዞርኩ ቁጥር እየተደበቁ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ሁሉም አጠጥተውታል። ያቺ እናት ስልኳን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ታዲያ ምን አረጋገጥን?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«ቦሎቄ ያለ ውሃ አይበቅልም» አልኩ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ቦሎቄን ውሃ መከልከል አይቻልም።»

መጀመሪያ የሳቁት እህል ነጋዴው ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ዳይሬክተሯ አልሳቁም። ሲወጡ ግን፣ «ሰኞ በሰዓቱ ግባ» አሉኝ።

ዘንድሮ ያንኑ ሙከራ ለአዲሶቹ ልጆች ደገምኩት። ደረቁን ኩባያ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩበት። ልጆቹ በሩ ላይ ተለጥፈው «አይዞህ» ይሉታል። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ ስል አሁንም ትንሽ አፍራለሁ፤ ምክንያቱም ቁልፉ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው፣ አልከፈትኩም ብል ደግሞ ውሸት ነው።