ከአባዬ ጎን ያለው ወንበር

ትናንት ሳን ሆዜ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ ቢጫ ማርከር ከፍቼ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ኦክላንድ በነበረው አፓርታማችን ከእማዬ ጋር ወጥ ቤት የተቀመጥንበት ቀን መጣብኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እማዬ ፓሎ አልቶ ካለው ሆስፒታል ከወጣች ገና ሳምንቷ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግታ፣ በስተሰሜን ወዳለው ናሽናል ፎረስት የሚባል ጥብቅ ደን የሚወስደውን መንገድ በማርከር ታሰምራለች። ትምህርት ሲዘጋ አልጋና ምድጃ ያለው አርቪ የሚባል መኪና ተከራይተን ልንሄድ ነው። እጇ ቶሎ ስለሚዝልባት እያረፈች ነበር የምታሰምረው።

"ላይኛው አልጋ ላይ አንቺና ወንድምሽ ትተኛላችሁ" አለችኝ። "ደግሞ አባትሽ ረጅም መንገድ ሲነዳ እንቅልፍ ይጥለዋል። ከጎኑ ቁጭ ብለሽ አጫውቺው።"

"እሱ እኮ ያንቺ ቦታ ነው" አልኳት በእንግሊዝኛ።

"አንቺም ልመጂው፣ የኔ ልጅ።"

አባዬ ሳህን እያጠበ ነበር። ውሃውን ሳይዘጋ፣ ፊቱንም ወደ እኛ ሳያዞር ቆሞ ቀረ። እኔ ግን ፊት ልቀመጥ ነው ብዬ በደስታ ዘለልኩ።

ትምህርት ሳይዘጋ እማዬ ዐረፈች። አባዬ ደውሎ አርቪውን ካንስል አደረገ፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት ስልኩን ዘጋው።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ይህን ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር። እስክጨርስ ሰማኝና፣ "ድምጿ ግን እንዴት ነበር?" አለኝ።

ላስመስልለት ሞከርኩ። ያለችውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ድምጿ ግን አልመጣልኝም።