አንበሳው የጾመበት ረቡዕ

ከሥራ ሺፍት ገብቼ ሶፋው ላይ አረፍ ከማለቴ ልጄ ሄርሜላ ስልኳ ላይ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንድ ነጭ የበረዶ ድብ በመካነ እንስሳት አጥሩን ይዞ ይመላለሳል፤ የጣሉለትን ዓሣ ዞር ብሎም አያየው።

ልጅ ሆኜ አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ አንበሳ ሊያሳየኝ የወሰደኝ ቀን መጣብኝ። ከእስር ከተፈታ ገና ሳምንቱ ነበር። ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ይውላል፤ እህል አይቀምስም። እናቴ ጨንቋት፣ "እስቲ ልጅቷን ይዘህ ውጣና ንፋስ ይንካህ" ብላ ላከችን።

አንበሳውም ይንጎራደዳል። ከፊቱ ያለው ሥጋ ዝንብ ወሮታል፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

"አባዬ፣ ረቡዕ ስለሆነ እየጾመ ነው አይደል?"

አባቴ የአጥሩን ብረት ጨበጠ። "ጾም ቢሆንማ መፍቻ ሰዓት ነበረው" አለ።

ነገሩ ባይገባኝም መፍቻ ሰዓት ያለውን ያዝኩ። ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ከሽሮው ጠቅልዬ አፉ ጋ ያዝኩለት።

"ሰዓቱ ደርሷል፣ አባዬ። ብላ።"

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎረሰ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ማሚ፣ ድቡ ሲክ ነው እንዴ፣ አሞታል?" ትለኛለች ሄርሜላ። ድቡ አሁንም ይዞራል።

"እንጃ ልጄ።"

"ታዲያ ምን ያቆምሻል? ቁጭ በይ እንጂ!"

ለካ ተነስቼ ሳሎኑን እየዞርኩ ነበር።