አሰላ የመረጠው ዘፈን

የዚያን ዘፈን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስናገር ሰው ፈገግ እያለ ስለሚያየኝ አሁን አሁን መናገሩን ትቼዋለሁ፤ እዚህ ግን የሚያቋርጠኝ የለም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሰላ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምር ነበር፤ ዘፈኑን የዘፈነው ሰው ያኔ እዚያው አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ድምፁ ግን ለመዝገብ ቤት የተፈጠረ አልነበረም። ጭላሎ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ሰው ስለምትጠብቅ ሴት ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ግጥም ሰጠሁት፤ ለስለስ ያለ ዜማ አበጀለት። ከአንድ ኦርኬስትራ ጋር ሊዘፍን አዲስ አበባ ሲሄድ ግጥሙንም ይዞት ሄደ። ያኔ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ኮራሁ።

አባቴ «ልጄን ለአዝማሪ አልሰጥም» ብለው ቆርጠው ነበር። እሱም ይህን ስለሚያውቅ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ዘፈናችን በራዲዮ አንደኛ የወጣ ዕለት ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ። አገር ያወቀውን ሰው አዝማሪ ብለው አይመልሱም።» ጉድ የሠራችኝ «ዘፈናችን» የምትለዋ ቃል ናት።

አንደኛ የሚወጣው በደብዳቤ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ የአድማጮች ምርጫ ይተላለፋል፤ ሰው የሚወደውን ዘፈን ለማን እንደሚጋብዝ ጽፎ ይልካል፤ ብዙ ደብዳቤ የመጣለት ዘፈን በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ ይባላል። ታዲያ ይሄ ምን ያቅተኛል? ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ነበሩ፤ ራዲዮናቸው በአቡጀዲ ጣቃዎች መሀል ተቀምጧል። ከትምህርት በኋላ እየሄድኩ በረንዳቸው ላይ ወረቀቴን ዘረጋሁ። መጻፍ ለማይችል ሁሉ ጻፍኩለት። ከበቆጂ ገብስ ጭኖ የመጣው ለእህቱ ይጋብዛል፤ ከዲክሲስ የመጣችው ወታደር ለሆነው ባሏ። ዘፈኑን ሰምቶት የማያውቅም ነበር። «ደስ ይላል?» ይለኛል። «በጣም!» እላለሁ፤ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ አስፈርመዋለሁ። ዘፈን የማይወዱት ሐጂ እንኳ «ያ ኢንተለ፣ አንቺ ልጅ፣ ካልሽማ እኔም ልፈርም» አሉኝ።

ዘፈኑን መጀመሪያ በራዲዮ ስሰማው ጭላሎ እንጦጦ ሆኗል። ምነው ብዬ ጻፍኩለት። «ለአዲስ አበባ ሰው እንዲጥም ብዬ ነው፤ አትቀየሚኝ» አለ። አልተቀየምኩም። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ተራራ የለወጠ ሰው ሴት መለወጥ ያቅተዋል?

ውጤቱ በሚነገርበት እሑድ ሱቁ ሞልቶ ሰው በረንዳው ላይ ቆሟል። ዘፈኑ አንደኛ ወጣ። አቅራቢው ዘፋኙን እዚያው አስቀምጦት ኖሮ «ለማን ይጋብዙታል?» አለው።

«ለእጮኛዬ። በሚመጣው እሑድ እንጋባለን።»

ሱቁ በእልልታ ተናወጠ። የሐጂ ባለቤት አቀፉኝ፤ የሱቁ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ ጨበጠኝ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ቀና ብዬ ሣቅሁ። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው አልኩ በልቤ።

«እጮኛዎም እዚሁ አብረውን ናቸው» አለ አቅራቢው።

አንዲት ሴት «አመሰግናለሁ» አለች። «ግጥሙን ለእኔ ብሎ እንደጻፈው ነግሮኛል።»

እልልታው ባንዴ አልቆመም፤ በረንዳ ላይ ያሉት ስላልሰሙ ቀጠሉ። ሐጂ ወጥተው ዝም አሰኟቸው። ልብስ ሰፊው እጄን እንደያዘ ቀረ። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። የከዳኝ እሱ ነው፤ አንደኛ ያወጣሁት ግን እኔው በገዛ እጄ፣ በየደብዳቤው ነው።

በማግሥቱ ሐጂ ቤታችን ድረስ መጡ። «ሰውየው ዋሾ ነው ብለሽ ጻፊ፤ ሁላችንም እንፈርማለን» አሉኝ።

«አይ ሐጂ፣ እርስዎን አላስቸግርም» አልኳቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስም ጻፍኩ። ስሜን ከነአባቴ አስቀመጥኩ፤ ግጥሙን ጭላሎ እንዳለበት ሙሉውን ገለበጥኩ፤ የማን እንደሆነ በራዲዮ እንዲነግሩልኝ ለመንኩ። ሠርጉን ላስቀር አልነበረም። እሱስ ይሂድ፤ ግጥሜ እንኳ የእኔ ይሁን ብዬ ነው። ለአባቴም ያን ዕለት ሁሉን ነገርኳቸው።

በሦስተኛው እሑድ ሱቁ ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀምጫለሁ። አቅራቢው «አሁን ደግሞ ከአሰላ የመጣ ደብዳቤ አለን» አለና ስሜን ከነአባቴ ጠራ። አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ወይዘሪቷም ይህንኑ ተወዳጅ ዘፈን መርጠዋል። እነሆ!»

ከአሰላ የሚሄደው ደብዳቤ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበር የራዲዮ ሰዎቹ አንብቦ መጨረሱን ትተውት ነበር መሰለኝ። እንዲያ ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ። የዘፈኑ ፒያኖ ጀመረ። ሐጂ ሊዘጉት እጃቸውን ሲዘረጉ አባቴ «ይተዉት» አሉ። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«የትኛው ነው ያንቺ?» አሉኝ።

«ሁሉም፣ አባባ» አልኳቸው።