ሁለተኛው ዶሮ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን ግን ሳልጽፈው ብቀር ይቆጨኛል።

በፋሲካ ዋዜማ ሁለት ዶሮ ገዝቼ ስመለስ፣ አዳማ መናኸሪያ በር ላይ አንዲት ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ተቀምጣ አየሁ። ከወሎ መጥታ ቡልቡላ ወዳለው ባሏ ስትሄድ የመጨረሻው መኪና አምልጧታል። እኔ ዓይነ አፋር ነኝ፤ የማላውቀውን ሰው ማናገር ያስፈራኛል። ያን ቀን ግን ክርስቶስ ራሱ ደጅ የቀረ መስሎኝ፣ "እህቴ፣ እኛ ቤት እደሩ" አልኳት።

እናቴ በደስታ ተቀበለቻቸው። ሴትየዋ ግን ሙስሊም ስለሆነች ክርስቲያን ያረደውን አትበላም። "አታስቡ፣ ለእኛ ሽሮ ይበቃናል" አለች። በፋሲካ ቀን እኛ ዶሮ ስንበላ እንግዶቻችን ሽሮ ሊበሉ? አላስቻለኝም። አንዱን ዶሮ ይዤ ወደ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ሄድኩ።

ሽማግሌው ዶሮውን አይተው፣ "ምነው ልጄ፣ ሰለምሽ እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ።

"እንግዳ አለኝ፣ አባባ።"

ቢስሚላህ ብለው አረዱልኝ። ሚስታቸውም የራሳቸውን ድስት አዋሱኝ።

በነጋታው ሁለት ወጥ ቀርቦ አብረን በላን። ትንሿ ልጅ አጥንቱን ስትግጥ እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ "ይቺን ልጄን አፍ የላትም እያልኩ ሳማት ኖሬ!" አለች። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

መናኸሪያ ስሸኛቸው ሴትየዋ በመኪናው መስኮት ብቅ ብላ፣ "ለአረፋ እንዳትቀሪ! ላንቺ የሚያርድልሽን ክርስቲያን ከአሁኑ እፈልጋለሁ" አለችኝ።