የኤራሙን ቅንድብ

ባለ ልኳንዳው ኤራሙን መነጽር ያደረገ ሰው ይንቅ ነበር። ቄሱ መነጽር ሲያደርጉ “በመጽሐፍ የተበላ ዓይን” አላቸው። መድኃኒት ሻጩ ኢላሪዮ ሲያደርግ “ለራሱ ያልሆነ መድኃኒት ለማን ሊሆን ነው” አለ። የገዛ አማቱ ያደረጉ ቀን ግን ምንም አላለም። ብቻ ከዚያ በኋላ ሥጋ ሊገዙ ሲመጡ እንደ ደንቆሮ ጮክ ብሎ ያናግራቸው ጀመር። ሽማግሌው የሚሰሙት ከእሱ አብልጠው ነበር።

ንቀቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በባስታን ሸለቆ ውስጥ ኤራሙን የሚታወቀው በሥጋው ሳይሆን በዓይኑ ነው። ሙስ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ዓይን ይጠይቃል። ሁለቱ አጣማጆች ፊት ለፊት ይቀመጡና በፊታቸው ይነጋገራሉ። የታችኛውን ከንፈር መንከስ ሁለት ንጉሥ ይዣለሁ ማለት ነው። ቅንድብ ማንሣት ሁለት ጥንድ አለኝ ነው። ሁለቱንም ዓይን መጨፈን ባዶ እጄን ነኝ ነው። ምልክቱ ባላጋራ ዞር ባለበት ቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ባላጋራ ከቀለበው ደግሞ ሲሳዩ ነው። ምልክት የማይሰጥ ሰው ምንም አይባልም። የውሸት ምልክት የሚሰጥ ግን በሸለቆው ዘንድ ከሌባ ያንሳል፤ ሌባ እንኳ ርቦት ሊሆን ይችላል።

ኤራሙን የባላጋራን ምልክት በመቅለብ አቻ አልነበረውም። አጣማጁ የሚስቱ ወንድም ቢሼንቴ ነው። ቢሼንቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ኤራሙን እንደሚለው ደግሞ ከሚጠርበው ጋር ጠባዩ አንድ ሆኗል። ሁለቱ በየበዓሉ ውድድር እያሸነፉ ቻፔላውን፣ ማለት ዙሪያው በክር የተጠለፈውን የአሸናፊ ቆብ፣ ደጋግመው ወስደዋል። ሰው ሲያመሰግናቸው ኤራሙን “እኔ ዓይኑ ነኝ፤ እሱ ወንበሩ ነው” ይላል። ቢሼንቴ አጠገቡ ቆሞ ወይኑን ይጠጣል።

ሃምሳን ሲሻገር ካርታው ይደበዝዝበት ጀመር። በመጀመሪያ ያማው አምፖሉን ነው። ቀጥሎ “የዛሬ ካርታ ቀለሙ ውሃ ነው” ብሎ ፋብሪካውን ሰደበ። ከዚያ ክንዱን እየዘረጋ ያይ ጀመር፤ ኋላው የቆመ ሁሉ ካርታውን አብሮት ያነብ ነበር። ይህ ሳያንሰው የሩቁም ከዳው። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው የቢሼንቴ ፊት ያልታጠበ ድንች መሰለው።

“ከንፈርህን ነክሰህ ነው ወይስ እያኘክ?” ይለዋል ጨዋታው ሲያልቅ።

“ነክሼ ነው።”

“እንግዲያው እንደ ሰው ንከስ። ምልክትህ የቀዘቀዘ ሾርባ ነው።”

ሰው ሁሉ የገባውን ነገር ለቢሼንቴ መንገር አላስፈለገም። አንድ የክረምት ቀን ግን ወደ ልኳንዳው መጣና ከመደርደሪያው ማዶ ቆመ።

“ለበዓሉ ውድድር ዓይን ይዘህ ና” አለ። “ካልሆነ ከሌላ ሰው ጋር እጣመራለሁ። ያላደረግሁትን አደረግህ መባል ሰልችቶኛል።”

ቢሼንቴ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር ያየ ሰው አልነበረም። ኤራሙን “ወንበሩ ተናገረ” ብሎ ሳቀ፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን አልሳቀም። ከእሱ ጋር የሚጣመር ሌላ ሰው በሸለቆው እንደማይገኝ ያውቃል። እሱን የሚችለው ቢሼንቴ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ሥጋ ሲከትፍ አውራ ጣቱን ጨመረው። ሚስቱ ማይሻቤል ደሙን እያሰረችለት “ለቄሱ ሠራተኛ ጣትህን መዝነህ ከመስጠትህ በፊት ተነሥ” አለችና ወደ ፓምፕሎና ከተማ፣ ወደ መነጽር ሱቅ ነዳችው።

ዓይኑን የመረመረችው ልጅ ጥርሷ በሽቦ የታሰረ ነበር። ያን ሽቦ ሲያይ ኤራሙን ልቡ ተረጋጋ፤ ከሱ የባሰ ጉድለት ያለባት መሰለው።

“ባለ ሁለት ክፍል መስታወት ነው የሚያስፈልግዎ” አለችው። “ከላይ ሩቁን ያያሉ፣ ከታች ቅርቡን። ለመልመድ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። በተለይ ደረጃ ሲወርዱ አገጭዎን ዝቅ ያድርጉ።”

“ደረጃ መውረድ የተማርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው።”

“መሬቱ ግን ከፍ ያለ ይመስልዎታል።”

“መሬቱን እኔ አውቀዋለሁ።”

መነጽሩን አድርጎ ከሱቁ ሲወጣ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ አየር ረገጠ። ማይሻቤል አልሳቀችም። ለአሮጌ ጳጳስ እንደሚከፈት የመኪናውን በር ከፍታ ጠበቀችው።

ከዚያ በኋላ መነጽሩን የሚያደርገው በልኳንዳው ጓዳ፣ በሩን ዘግቶ ነው። ዓለም መካከሏ ላይ ተሰንጥቃ የተጠገነች ሳህን መሰለችው። የተሰቀለው ቋሊማ ግማሹ ግድግዳው ላይ፣ ግማሹ አፍንጫው ላይ ነው። ሰው እንዳያየው ብሎ ለብቻው ስለለመደ፣ ሲለምድ ምን እንደሚመስል የሚነግረው አልነበረም። የፊት መስተዋትም አልያዘም። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

የበዓሉ እሑድ ከምሳ በኋላ የዮአኪና መሸታ ቤት በሰው ታፍኖ ነበር። ዮአኪና የቤቱም ባለቤት የውድድሩም ዳኛ ናት፤ ምላሷ ከኤራሙን ቢላዋ ይሰላል ይባላል። ኤራሙንና ቢሼንቴ እስከ ፍጻሜው የደረሱት በለመዱት መንገድ፣ ኤራሙን ክንዱን እየዘረጋና በደካሞች ላይ እየጮኸ ነው። ለፍጻሜው ሲቀመጡ ኤራሙን መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ።

“ኤራሙን፣ ይሄ መስኮት መጋረጃ የለውም?” አለ አንዱ ከኋላ።

“አንተን እንዳላይ ልሰፋለት ነው” አለ ኤራሙን።

ባላጋራዎቹ መድኃኒት ሻጩ ኢላሪዮና የእኅቱ ልጅ ጋራሲ ናቸው። ጋራሲ በሳራጎሳ የከብት ሕክምና የምትማር፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ልጅ ናት። ኤራሙን ሁለቱን አይቶ ለቢሼንቴ “አንድ እንክብልና አንዲት ጥጃ” አለው፤ እንዲሰሙት አድርጎ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሲጀመር ኤራሙን ለአፍታ ደስ አለው። በላይኛው መስታወት የቢሼንቴ ፊት ተመለሰለት። በልጅነቱ ድንጋይ የፈነከተው የግንባሩ ጠባሳ ሳይቀር ታየው። ኢላሪዮ ከንፈሩን ሲነክስም ቀለበው። ያን ጨዋታ አሸነፉ። በሁለተኛው ቢሼንቴ ግራ ገባው፤ አማቹ በቅንድቡ ደጋግሞ ሁለት ጥንድ አለኝ ይላል፣ ካርታው ሲገለጥ ግን የለም። ምናልባት እኔ ነኝ በደንብ ያላየሁት ብሎ አሰበና መጫወቱን ቀጠለ። ጨዋታውን ተሸነፉ።

ሦስተኛው ቻፔላውን የሚወስነው ነው። አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲሄዱ ኤራሙን አዲስ የታደለውን ካርታ አነሣ። ቢሼንቴ አየው፤ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። ሁለት ጥንድ። ቢሼንቴ ይህን ጊዜ ሙሉ ዓይኑን ከፍቶ ነበር ያየው። ለመጠርጠር ምክንያት አልነበረውም፤ ኤራሙን ይሳደባል እንጂ በሙስ አይዋሽም።

“ኦርዳጎ” አለ ቢሼንቴ። ይህ ቃል ጨዋታውን በሙሉ በዚያች አንድ እጅ ላይ ማስያዝ ነው።

“ተቀብያለሁ” አለች ጋራሲ፣ ጣቷን እንኳ ሳታነቃንቅ።

ካርታው ተገለጠ። ጋራሲ ሁለት ጥንድ ነበራት። ኤራሙን የነበረው አንድ ጥንድ፣ ባለ አራት ቁጥር ብቻ ነው። ቻፔላው ሄደ።

ቢሼንቴ ካርታዎቹን አይቶ ቀና አለ። “ቅንድብህን አነሣህ።”

“አላነሣሁም።”

“አንሥተሃል።”

“አይቷል የሚለውን ስሙት። ዓይኑ የደከመው እሱ ነው።”

ዮአኪና እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። “አንሥተሃል ኤራሙን። እኔም አይቻለሁ። የውሸት ምልክት ከሆነ ሁለታችሁም ካሁን በኋላ እዚህ ሸለቆ ጠረጴዛ አትቀርቡም። ሕጉን ታውቀዋለህ።”

“አንሥቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።”

“እሱማ ቀድሞ አድርጎታል” አለች ዮአኪና። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ጋራሲ ብቻ አልሳቀችም። “ምልክት አይደለም” አለች፣ የታመመ ከብት እንደምትመረምር ረጋ ብላ። “በታችኛው መስታወት ካርታውን ለማየት አገጩን ይሰቅላል፤ ቅንድቡም አብሮ ይወጣል። ባዶ እጁንም ሲሆን ያነሣል። ከመጀመሪያው ጀምሮ እያየሁት ነው።”

“ለምን አልተናገርሽም?” አላት አንዱ።

“ጥጃ ይናገራል እንዴ?”

ዮአኪና ወደ ኤራሙን ዞረች። “እንግዲህ አንዱን ምረጥ። ወይ ዋሽተሃል፣ ወይ አታይም።”

ኤራሙን ዙሪያውን አየ። ዋሸ ቢባል ቢሼንቴም አብሮት ይባረራል። አያይም ቢባል ደግሞ ነገ ልኳንዳው የሚመጣ ሁሉ፣ እሱ አማቱን እንደሚያናግር፣ ጮክ ብሎ ያናግረዋል። ብዙ አላሰበም።

“ዋሽቼ ነው” አለ። “ሆነ ብዬ ነው ያነሣሁት።”

 ቢሼንቴ ወይኑን አስቀመጠ።

“አሁን ነው የዋሸው” አለ።

ዮአኪና ሌላ ክርክር አልፈለገችም። መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ መዥርጣ አወለቀችና አንድ ካርታ ከፊቱ ደቀነችበት። “ምንድን ነው?”

“ንጉሥ” አለ ኤራሙን፣ ሳያመነታ።

ካርታው አሽከር ነበር። ለቤቱ ሁሉ አዙራ አሳየች። የዚህኛው ሳቅ ካለፈው ይበልጣል።

“በል፣ ሌባ አይደለህም” ብላ መነጽሩን ጉልበቱ ላይ ጣለችለት። “ይኸው ነፃ ወጣህ።” ለለማኝ ፍርፋሪ የሚወረወረው እንዲህ ነው።

ኢላሪዮና ጋራሲ ቻፔላቸውን ሲደፉ ኤራሙን ወደ በሩ ሄደ። እንዳይወድቅ መነጽሩን አድርጎ ነበር። የመሸታ ቤቱ የድንጋይ ደረጃ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰክሮም ሳይሰክርም የወረደው፣ ከእግሩ ሥር ወደ ላይ ተነሥቶ ጠበቀው። እግሩን ሰነዘረ፤ አላገኘውም። ከኋላው አንድ እጅ ክርኑን ያዘው፤ እንደ ድንጋይ የሻከረ እጅ።

“አገጭህን ዝቅ አድርግ” አለ ቢሼንቴ።

“ደረጃ ልታስተምረኝ ነው?”

“ነገ ከሥራ በኋላ ካርታ ይዤ እመጣለሁ። ቅንድብህን ሳታንቀሳቅስ ማየት ትማራለህ።”

“ካንተ?”

“ሌላ ማን አለህ?”

ኤራሙን ወንበር ምን ያስተምራል ሊል ነበር፣ ግን ገና ደረጃ ቀርቶት ነበር። አገጩን ዝቅ አደረገ። መሬቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። የመጨረሻውን ደረጃ ከረገጠ በኋላ ነው ክርኑን መንጭቆ ያስለቀቀው።